የባራቲየሪ ዱቤ

«ፒያሳ» በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። የሐዋሳው ፒያሳ ግን ጣልያን የሠራው አደባባይ አይደለም። ጣልያን በ1941 ተሸንፎ ከአገራችን ሲወጣ ሐዋሳ የምትባል ከተማ ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ስሙ እንግዲህ በውሰት የመጣ ነው። ገዥው ሄደ፤ ቃሉ ቀረ፤ ቃሉም እግር አውጥቶ ጣልያን ወዳልሠራት የሐይቅ ዳር ከተማ ድረስ ወረደ።

ዛሬ የምንጽፈው ግን በዚሁ ፒያሳ የካቲት በመጣ ቁጥር ስለሚወራው የአድዋ ወሬ ነው። ወሬ ያልነው ታሪክ ብለን ለመጥራት ስለሚያሳፍረን ነው። በየሻይ ቤቱ ጠረጴዛ፣ አልፎ ተርፎም የተማረ ሰው በሚጽፋቸው የበዓል ጽሑፎች ውስጥ፣ ደጋግመን የምንሰማው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጄኔራል ባራቲየሪ ጅል ነበር ይላል። ሁለተኛው ካርታ አሳስቶት ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጣልያን ድሮውንም ፈሪ ነው ብሎ ይገላገላል። ከዚያ ይሳቃል፤ የማኪያቶው ሒሳብ ይከፈላል፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

እኛ ይህንን ሳቅ እንቃወማለን። የምንቃወመው ለባራቲየሪ አንጀታችን ተላውሶ አይደለም። ጠላቱን ያቀለለ ሰው የአባቶቹንም ድል አብሮ ያቀላል ብለን ነው። ኧረ ለመሆኑ ጅልን ማሸነፍ ምን ያኮራል? ፈሪን ማባረርስ ምን ጀግንነት ይጠይቃል? ከሁሉ በላይ ግን ሳቁ ዋናውን ጥያቄ ያስረሳናል። ያ ሁሉ ጦር በማን ገንዘብ፣ በማን ምኞት፣ በማን አይዞህ ባይነት መጣ? የቅኝ አገዛዝ ምስጢር ያለው በአንድ ጄኔራል የራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው። ስለዚህ መዝገቡን እንግለጥ። ሒሳቡ የፈረንጅ ስለሆነ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፈዋለን።

ኦሬስቴ ባራቲየሪ በ1841 ትሬንቲኖ በተባለው አገር ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበር። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1860፣ «አንድ ሺዎቹ» ከሚባሉት የጋሪባልዲ ወዶ ዘማቾች ጋር ወደ ሲሲሊ ዘመተ። ልብ በሉ! ይህ ሰው የወጣትነቱን ጊዜ የሰጠው ጣልያንን አንድ ለማድረግና ከባዕድ እጅ ለማውጣት ነው። ኋላም መኮንን ሆነ፤ የጦር መጽሔት አዘጋጀ፤ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። ጅል የምትሉት ሰው ብዕርም ጎራዴም የጨበጠ ሰው ነበር። በ1892 የኤርትራ ገዥ ሆኖ ተሾመ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በሃያ ዓመቱ የራሱን አገር ነፃነት የተመኘ ሰው በሃምሳ ዓመቱ የሌላውን አገር ነፃነት ሊቀማ ምጽዋ ላይ ተገኘ።

ከእነዚያው «አንድ ሺዎች» መካከል ፍራንቼስኮ ክሪስፒ የሚባል ሲሲሊያዊ ጠበቃም ነበረ። በ1893 መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ የጣልያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አንዱ ሮማ፣ አንዱ ምጽዋ። አንዱ ግምጃ ቤቱን ይዟል፤ አንዱ ጦሩን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የወጣትነት ዘመቻ ትዝታና የቴሌግራም ሽቦ ነበር። ባራቲየሪ ከላይ ሰው አለኝ ብሎ ተማመነ። አንባቢ ሆይ፣ «ከላይ ሰው አለኝ» የሚለው ቃል ለጆሮህ አዲስ አይሆንም። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ኪሱን እንመልከት።

ኤርትራ ለጣልያን ትርፍ የምታስገባ አገር አልነበረችም። ቅኝ ግዛቲቱ የምትተዳደረው ከሮማ በሚላክ ገንዘብ ነበር። ሮማ ደግሞ ራሷ በችግር ተይዛ ነበር። በ1893 የባንካ ሮማና ቅሌት ፈንድቶ የስንቱን ሹም ስም አጎደፈ፤ የክሪስፒም ስም አብሮ ተነሣ። የሲሲሊ ገበሬዎች መሬትና እንጀራ ብለው ሲነሡ ክሪስፒ በጥር 1894 ደሴቲቱን በወታደራዊ አዋጅ ሥር አዋላት። እርሱ ራሱ የሲሲሊ ልጅ መሆኑን አትርሱ! የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ሶኒኖ በበኩሉ የበጀቱን ቀዳዳ ለመድፈን በጨው ላይ ሳይቀር ግብር ጨመረ። በድሃ ወጥ ውስጥ ያለችው ጨው እንኳ አልተማረችም። ባራቲየሪ ጥይትና በቅሎ እንዲገዛበት የሚላክለት ገንዘብ እንግዲህ ከዚህ ማጀት የሚወጣ ነበር።

ገዥው እጁ ሲያጥር ዓይኑን ወደ መሬት አዞረ። ከ1893 እስከ 1895 ባሉት ዓመታት በመቶ ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር የኤርትራ ገበሬ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ተወረሰ። ከጣልያን ተጭኖ ለሚመጣው ሰፋሪ ይሰጣል ተባለ። መሬቱ ባዶ ነው ሲሉ ጻፉ። ባዶ ነበር? ያ ጊዜ የክፉ ቀን ማግስት ነው። ከብቱ በበሽታ አልቋል፤ ገበሬው ከረኀብ ሸሽቶ ቀዬውን ጥሏል። ከሞት የተረፈው ሲመለስ የአባቱ መሬት በሰው እጅ ገብቶ ቆየው። ይህ ነው የቅኝ ገዥ የሒሳብ አያያዝ፤ ረኀብ ያስለቀቀውን መሬት «ባለቤት የሌለው» ብሎ በገቢ ዓምድ ያስመዘግባል።

ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ይህንን አይተው በታኅሣሥ 1894 ሰገነይቲ ላይ ተነሡ። ባሕታ ከጣልያን ጋር በወዳጅነት የኖሩ ሰው ነበሩ፤ መሬት ሲነካ ግን ወዳጅነቱ አበቃ። ሐላይ ላይ ተዋግተው ወደቁ። በእኛ በዓል ላይ ስማቸው ስንት ጊዜ ይነሣል? የአድዋ ጦርነት የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው ለመሬት መሆኑን የሚነግረን ስም እርሱ ነውና በደማቁ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ኪሱ ይህ ከሆነ ምኞቱስ?

ምኞቱ ከኪሱ ጋር ተመዛዝኖ አያውቅም። ባራቲየሪ በሐምሌ 1894 ከሰላን ያዘ። በጥር 1895 ራስ መንገሻ ዮሐንስን ኳቲት ላይ ገጠማቸው፤ ሰንዓፈ ድረስም ተከተላቸው። በመጋቢት አዲግራት ገባ። ጥቂት ቆይቶ ትግራይን በሙሉ የጣልያን ነው ማለት ጀመረ። አንድ ምሽግ በተያዘ ቁጥር ሌላ የሚጠበቅ መንገድ ይፈጠራል፤ መንገዱ ዘበኛ ይጠይቃል፤ ዘበኛው ስንቅ ይጠይቃል፤ ስንቁ ግመልና በቅሎ ይጠይቃል። ድል ባደረገ ቁጥር ዕዳው ይጨምር ነበር።

ይህን ባራቲየሪ ራሱ ሳያውቀው አልቀረም። ለ1895 ሮማ ልትሰጠው ያሰበችው 9 ሚሊዮን ሊሬ ነበር፤ እርሱ 13 ሚሊዮን ጠየቀ። የክሪስፒ መልስ ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በላከለት ቴሌግራም የናፖሊዮንን ምሳሌ ጠቀሰለት። ናፖሊዮን ይዋጋ የነበረው በተሸናፊዎቹ ገንዘብ ነው አለው። በአማርኛችን ስንፈታው፣ እኔ የምሰጥህ የለኝም፤ ዝረፍና ብላ ማለት ነው። የጋሪባልዲ ዘማች ለጋሪባልዲ ዘማች የላከው ምክር ይህ ነው! ይዘረፍ የተባለውስ ማን ነው? ከክፉ ቀን ገና ያላገገመው የትግራይ ገበሬ ነው። ከዚያ ጎተራ ምን ሊገኝ!

በዚያ ዓመት በጋ ባራቲየሪ ወደ ሮማ ሄደ። እንደ ሮማ ዘመን ጄኔራል ተቀበሉት፤ ፓርላማው ቆሞ አጨበጨበለት። ምኒልክን በቀፎ አስገብቼ አመጣዋለሁ ብሎ ፎከረ ተብሎም በአፍ ይነገራል። የጠየቀውን ጭማሪ ተስፋ ይዞ ተመለሰ። ጭብጨባው ግን ስንቅ አልሆነም። በታኅሣሥ 7 ቀን 1895 አምባላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊ ጦር ተደመሰሰ፤ ቶዜሊም ሞተ። ያን ጊዜ ነው ፓርላማው ተደናግጦ 20 ሚሊዮን ሊሬ የፈቀደው። እሳቱ ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ ውኃ ፍለጋ መሄድ ይሉታል ይህ ነው።

ገንዘቡ ሲመጣም እንዴት መጣ? አዲሶቹ ሻለቆች ከየክፍለ ጦሩ እየተለቀሙ የተሰፉ ነበሩ፤ ወታደሩ መኮንኑን አያውቅ፣ መኮንኑ ወታደሩን አያውቅ። በአገራቸው የለመዱትን አዲሱን ጠመንጃ አስፈትተው አሮጌውን ቬተርሊ አስያዟቸው። የአሮጌው ጥይት በመጋዘን ተከምሮ ነበርና ነው። ባራቲየሪን ካርታ አሳሳተው የምትሉ ወገኖች ሆይ፣ ከካርታው በፊት ጠመንጃው ራሱ በቁጠባ የተመረጠ እንደ ነበር ታውቁ ኖሯል? ካርታውም ቢሆን የዚያው ቁጠባ ልጅ ነው። የሰው አገር ሳያጠኑ በእጅ በተነደፈ ንድፍ ላይ አራት ብርጌድ በሌሊት መስደድ ሮማ ስትቸኩል የሚሠራ ሥራ ነው። ጄኔራል አልቤርቶኔ እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ሲፈልግ ከሌሎቹ ርቆ ሄዶ ብቻውን የእሳት ጎርፍ ውስጥ ገባ። መሳሳቱ እውነት ነው። ለምን በሌሊት፣ ለምን በዚያ ቀን ተሄደ? ጥያቄው እዚህ ጋ ነው።

መልሱ ወዳጁ ዘንድ ነው።

በየካቲት 1896 ባራቲየሪ እንዳ ተፈረደበት ሰው ተቀምጧል። ራስ ስብሐትና ሐጎስ ተፈሪ ከድተውት የስንቅ መንገዱን ከኋላው እየቆረጡበት ነው። ስንቁ የቀናት ብቻ ነው። ፊት ለፊቱ የምኒልክ ሠራዊት ሰፍሯል፤ ያም ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ነበር። አንድ ሳምንት የቆየ ያሸንፋል፤ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ይተርፋል። ይህንን የሚያውቅ ጄኔራል ጅል አይባልም። በዚህ ጊዜ ከክሪስፒ ቴሌግራም መጣለት፤ ቀኑ የካቲት 25 ነው። ይህ ጦርነት ሳይሆን ወታደራዊ የሳንባ ነቀርሳ ነው ይላል። ለጦሩ ክብርና ለዘውዱ ዝና ሲባል ማንኛውንም መሥዋዕትነት ለመክፈል ዝግጁ ነን ይላል። ዝግጁ ነን! ማን ነው ዝግጁው? ሮማ ውስጥ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው?

ከቴሌግራሙ ደግሞ የሚብስ አለ። ክሪስፒ ያንን ሽቦ ሲልክ በባራቲየሪ ቦታ ጄኔራል ባልዲሴራን በምስጢር ሾሞ መንገድ አስጀምሮት ነበር። «ከላይ ሰው አለኝ» ያለው ሰው ከላይ ያለው ሰው ሸጦታል። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይላሉ አባቶች። እዚህ ላይ የተላሰው ግን ባራቲየሪ ራሱ ነው።

በየካቲት 28 ማታ አራቱን ጄኔራሎቹን፣ አሪሞንዲን፣ ዳቦርሚዳን፣ አልቤርቶኔንና ኤሌናን፣ ሰብስቦ እናፈግፍግ ወይ ብሎ ጠየቀ። በአሳፋሪ ማፈግፈግ ከመመለስ ጣልያን ሁለትና ሦስት ሺህ ሰው ብታጣ ትመርጣለች አሉት። የሰው ነፍስ እንደ ሳንቲም ተቆጠረች። በማግስቱ ሌሊት ከ17 ሺህ በላይ ጦር ተንቀሳቀሰ። በማለዳው መጋቢት 1፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ፤ የሮማ የሰው ሒሳብ ከሁለትና ከሦስት ሺህ እጅግ አለፈ።

እንግዲህ ከፋዮቹን እንቁጠር። ሒሳብ ያለ ከፋይ አይዘጋምና።

ክሪስፒ ከሥልጣን ወረደ፤ ስለ አድዋ ግን በፍርድ ፊት ያቆመው የለም። ባራቲየሪ በሰኔ 1896 አስመራ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ነፃ ወጣ፤ ዳኞቹ ግን እንዲህ ላለ ከባድ ቀን ብቁ ላልሆነ ሰው ጦር መሰጠቱን አዝነው መዘገቡ። ጡረታ ወጥቶ ትዝታውን ጻፈና በ1901 ሞተ። ሁለቱም በአልጋቸው ሞቱ ማለት ነው። የጣልያን ድሃ ልጅ ግን እዚያው ቀረ። እናቶች ይህንን ቀድመው ስለገባቸው ነው የድሉ ዜና ሲሰማ በጣልያን ከተሞች ሁከት የተነሣው፤ በፓቪያ ወታደር የጫነ ባቡር እንዳይነሣ ሕዝቡ ሐዲዱ ላይ ወጣ። ምኒልክ ይኑር ብሎ የጮኸ ጣልያናዊም ነበረ። ከዚህ ሁሉ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1887፣ አንድሬያ ኮስታ የሚባል ሶሻሊስት በዚያው ፓርላማ ቆሞ ለአፍሪካው ጀብዱ አንድ ሰውም አንድ ሳንቲምም አይሰጥም ብሎ ነበር። የሰማው አልነበረም እንጂ!

ከሁሉም የከፋውን የከፈለው ግን አስካሪው ነው። እባብን በሰው እጅ መያዝ ይባላል። ክሪስፒ እባቡን በባራቲየሪ እጅ ሊይዝ ፈለገ፤ ባራቲየሪም በአስካሪው እጅ። የማን እጅ ነው የተቆረጠው? የአስካሪው! ከድሉ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቆረጡ። ጣልያናዊው ምርኮኛ በአንጻሩ ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ተቀለበ። ይህንን በኩራት ስንዘምር አናነሣውም፤ ማንሣት ግን አለብን። መሬቱ ተወስዶበት፣ ረኀብ አባርሮት፣ ለቀን ደመወዝ ጠመንጃ የተሸከመ ገበሬ ነበር አብዛኛው። ከሃዲ ማለት ይቀላል። የካደው ሰው ቀድሞ ምን እንደ ተነጠቀ መጠየቅ ግን የተማረ ሰው ግዴታ ነው።

አሁን የእኛን መዝገብ ደግሞ እንክፈት፤ የጠላትን ብቻ ቆጥሮ መዝጋት ሸፍጥ ነውና።

ምኒልክም ከጣልያን ገንዘብ ተበድረው ነበር። በ1889 ራስ መኮንን ጣልያን ድረስ ሄደው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋዋሉ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ምኒልክም «ከላይ ሰው» ነበራቸው፤ ኮንት አንቶኔሊ ወዳጅ ሆኖ ቤተ መንግሥታቸው ይገባ ይወጣ፣ ጠመንጃም ያመጣ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? ምኒልክ የወዳጅን ስጦታ ተቀብለው ወዳጁን አላመኑም። የውጫሌ ውል ሁለት አንደበት እንዳለው ሲገለጥ በ1893 ውሉን አፈረሱ፤ ብድሩንም ከፈሉ። ባለ ዕዳ ሆኖ የተዋጋ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ባራቲየሪ ነው። ሲጠቃለል ምን ሆነ? በጥቅምት 1896 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ጣልያንም ለምርኮኞቿ ማቆያ 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። ክሪስፒ ጦርነት በተሸናፊ ገንዘብ ይካሄዳል ብሎ ነበር። ትምህርቱ አልጠፋም፤ ተማሪው ብቻ ተለወጠ።

ይህን ስንጽፍ ግን ደረታችንን ነፍተን ብቻ አናልፍም። የምኒልክም ሠራዊት የበላው ገበሬ ያመረተውን ነው። ሠራዊቱ ባለፈበት አገር ሁሉ ጎተራ ተራቁቷል። ከድሉ በኋላስ? በአድዋ መድፍ ስማቸው የተጠራው ባልቻ አባ ነፍሶ ሲዳሞን ለረጅም ዓመታት ገዙ። ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም፤ እስከ መጨረሻዋም ከጣልያን ጋር ተዋግተው ነው የሞቱት። ነገር ግን በዚህ በምንኖርበት አገር ገበሬው ገባር ተብሎ ለወታደርና ለሹም እየተመደበ ማር፣ እህልና ጉልበት ሲከፍል ኖሯል። ለአድዋ ድል የከፈሉት አድዋ የዘመቱት ብቻ አይደሉም። የነፃነትን ሒሳብ ስንሠራ ይህንን ዓምድ ባዶ ትተን ካለፍን ከሮማው ጸሐፊ በምን እንሻላለን?

«ይሁን፤ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ብንስቅ ምን አለ?» የሚለን ይኖራል። መልሳችን አንድ ስም ነው። ኤሚልዮ ዴ ቦኖ።

ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ሲይዝ ወደ ሮማ የተደረገውን ጉዞ ከመሩት አራት ሰዎች አንዱ ዴ ቦኖ ነው። በ1933 ራሱ ወደ ሙሶሊኒ ቀርቦ፣ ኢትዮጵያ ላይ ጦርነት ከተነሣ ለእኔ ስጠኝ ብሎ ለመነ፤ አላረጀሁም ወይ ብሎም ጠየቀ፤ ይህንን በኋላ በገዛ መጽሐፉ ጽፎታል። እንደገና ባለ ምኞት መኮንን፣ እንደገና ሮማ ላይ ያለ ወዳጅ። አሁን ግን ሒሳቡ ተለውጧል። ሙሶሊኒ በመጋቢት 1935 ሲጽፍለት፣ በጥቂት ሺህ ሰው ጉድለት አድዋ ላይ ተሸነፍን፤ እኔ ያንን ስሕተት አልደግምም፤ ሦስት ክፍለ ጦር ጠይቀሃል፣ ዐሥር እልክልሃለሁ አለው። አያችሁ? እኛ አድዋን እንደ ቀልድ ስናወራ እነርሱ እንደ ሒሳብ አጥንተውት ነበር። ጅል ነበርን ብለው አልሳቁም፤ ገንዘብ ጎደለን ብለው ጻፉ። በ40 ዓመት ውስጥ ጉድለቱን ሞሉት።

የቀረው የወዳጁ ጠባይ ብቻ ነው፤ እርሱ አልተለወጠም። ዴ ቦኖ በጥቅምት 1935 ወረራውን ጀመረ፤ አድዋን ያዘ፤ በኅዳርም መቀሌ ደረሰ። ወዳጁ ግን ዘገየህ እያለ በቴሌግራም ያጣድፈው ጀመር፤ በዚያው በኅዳር ሽሮ ባዶሊዮን ተካበት። ከታኅሣሥ ጀምሮ የመርዝ ጋዙ በገበሬው ላይ ይዘንብ ጀመር። ዴ ቦኖም መጨረሻው አላማረም፤ በጥር 1944 ቬሮና ላይ ያ «ከላይ ያለው ሰው» የሚመራው መንግሥት በጥይት አስደበደበው። ባራቲየሪን ወዳጁ ሻረው፤ ዴ ቦኖን ወዳጁ ገደለው። የቅኝ ገዥ ወዳጅነት ወለዱ እንዲህ እያደገ ይሄዳል።

የዚያ የተሟላ በጀት ሒሳብ ደግሞ እዚሁ እኛ ደጃፍ ደርሷል። በደቡብ ግንባር የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው የግራዚያኒን ጦር ገጠሙ። ማይጨው ከተሸነፈ በኋላም ከይርጋለም አካባቢ ሆነው ተዋጉ። በየካቲት 1937 ተይዘው በጥይት ተደበደቡ። ከእርሳቸው ጋር ስማቸው ያልተጻፈ ስንት የዚህ አገር ሰው እንደ ወደቀ አስቡ። የጅሉ ጣልያን ቀልድ ለእነርሱ ምን ጠቀማቸው?

እንግዲህ የምንለው አንድ ነገር ነው። አድዋን ያለ ሒሳቡ አትንገሩን። ከእንግዲህ በዚህች በተባዛች ወረቀታችን ላይ ስለ አድዋ የሚጽፍ ሰው ሦስት ጥያቄ ይመልስ። ገንዘቡ ከማን ማጀት ወጣ? ምኞቱ የማን ነበር? አይዞህ ብሎ የላከውስ ወዳጅ ሲመሽ የት ተገኘ? እነዚህን ያልመለሰ ጽሑፍ ፉከራ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። ፉከራ ደግሞ ለሠርግ ቤት ይበቃል።

ጥያቄዎቹ ለጣልያን ብቻ አይደሉም። እኛ ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ የምንበተን ነን። ከመካከላችን በራሱ ዕውቀት ሳይሆን «ከላይ ሰው አለኝ» በሚል ተስፋ የሚጓዝ ብዙ ነው። ከአቅሙ በላይ ወንበር ይለምናል፤ ወንበሩ ሲሰጠው የሌለ በጀት ይዞ ዕቅድ ያውጃል፤ ዕቅዱ ሲጎድል የታችኛውን ያስጨንቃል፤ የታችኛው ደግሞ ገበሬውን። አዎ፣ መድፍ የለውም። ይሁን እንጂ ያወጣው አሠራር የባራቲየሪ ነው፤ የሚጠብቀውም ቴሌግራም የክሪስፒ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

የፒያሳ ስም ይለወጥ የሚሉም አሉ። እኛ እንዲለወጥ አንጠይቅም። ባራቲየሪ ኳቲት ላይ የገጠማቸው የራስ መንገሻ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ይህችን ከተማ ቆረቆሩ፤ የጣልያንኛውም ቃል ራሱ እግሩን አንሥቶ ለማደር እዚህ መጣ። የተሸነፈ ቃል በአሸናፊው የልጅ ልጅ ከተማ በእንግድነት ቢያድር ምን ይጎዳናል? ይልቅ እንደ ደረሰኝ ይቀመጥ። ደረሰኝ የሚቀመጠው ማን ስንት እንደ ከፈለ እንዳይረሳ ነው፤ አንዳንዱም ነገ መጥቶ ያንኑ ዕዳ ሁለተኛ ክፈሉ እንዳይለን ነው።